ዋትሰን ምን ያደርግልናል?

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች በልብ ወለዱ መርማሪ በሼርሎክ ሆልምስ ተጥለቅልቀዋል። አራቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሆልምስን ታሪኮች ማንበብ ከጀመርኩ ወር አለፈኝ። አንድ ሰው ግን በጣም ያናድደኛል፤ ታሪኮቹን የሚተርክልን ጓደኛው ዶክተር ዋትሰን። ሐኪም ነው፣ ጦርነት አይቷል፣ ግን አፍንጫው ሥር ያለው ነገር አይታየውም። ሁልጊዜ «እንዴት አወቅህ?» ነው። ሆልምስ ራሱ ቢተርክልን አይሻልም ነበር? (የተናደደች አንባቢ)

መልስ፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። እኔም መጀመሪያ ሳነብ ዋትሰንን ገፋ አድርጌ ቦታውን ብወስድ ደስ ባለኝ ነበር። ግን ያልሽው ነገር ተሞክሯል። ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል በ1926 ሆልምስ በራሱ አንደበት የሚተርካቸው ሁለት አጫጭር ታሪኮች አውጥቷል። ሁለቱም እንደሌሎቹ አይጥሙም። (የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።) ሆልምስ ሲተርክ መውጫ የለውም። የሚያስበውን ሁሉ ከነገረን ታሪኩ ሁለተኛው ገጽ ላይ አለቀ። ከደበቀን ደግሞ «ምነው፣ እያወቅከው?» እንለዋለን። ዶይል ሲጨንቀው በአንደኛው ታሪክ ምን አደረገ መሰለሽ? ሆልምስ ድሮ ያነበበውን ነገር ረስቶ መጨረሻ ላይ ትዝ እንዲለው አደረገ። ሆልምስ! ያ ሁሉ ጭንቅላት ይዞ! ምኑን እንደረሳ አልነግርሽም፣ አንብቢው።

ዋትሰን ሲተርክ ሌላ ነው። የመጀመሪያ ትውውቃቸውን እስቲ ተመልሰሽ እዪው። በ1887 በወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ነው፣ ለንደን፣ አንድ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ። ሆልምስ ዋትሰንን ይጨብጠውና ገና ከመተዋወቃቸው «አፍጋኒስታን ነበርክ» ይለዋል። ዋትሰን ደንግጦ እንዴት እንዳወቀ ሲጠይቀው፣ ሆልምስ «ተወው» ብሎ ወደ ደም ምርመራው ይመለሳል፤ የገዛ ጣቱን ወግቶ ደሙን ማሰሮ ሙሉ ውሃ ውስጥ ጠብ ያደርጋል፣ እንደ ሕፃን ይፈነጥዛል። መልሱ የሚመጣው በሚቀጥለው ምዕራፍ ነው። የዋትሰን ፊት ጠቁሯል፣ የእጁ አንጓ ግን ነጭ ነው፤ ፀሐይ ነው እንጂ ተፈጥሮው አይደለም። ግራ እጁን እንደልቡ አያንቀሳቅሰውም። ሐኪም ይመስላል፣ ወታደርም ይመስላል። በዚያ ዘመን አንድ እንግሊዛዊ የጦር ሐኪም እንዲህ ከስሎና ቆስሎ ከአፍጋኒስታን ሌላ ከየት ሊመጣ ይችላል?

አሁን ልብ በይ። ጥቂት ገጾች ቀደም ብሎ አንድ የድሮ ወዳጁ አግኝቶት «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው፣ የጠቆርከው?» ብሎት ነበር። ይህን የጻፈልን ማነው? ዋትሰን ራሱ። ፍንጩን አምጥቶ እጃችን ላይ አስቀመጠው፤ እሱ ቁም ነገር ስላላደረገው እኛም አለፍነው። ያየውን አንዱንም አይደብቅም፣ የቱ እንደሚጠቅም ግን አያውቅም። ጨርሶ ቂል ቢሆን ኖሮ አናምነውም ነበር። እንደ ሆልምስ ቢሆን ደግሞ ጨዋታው ፈረሰ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ሆልምስ ፏፏቴ ውስጥ ገብቶ ሲሞት አንብቤ ከልቤ አዝኜ ነበር። ቀጥሎ ያነሳሁት መጽሐፍ ላይ ቤቱ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ደራሲው መግደሉን ረስቶት ነው? (የድሮ አንባቢ)

መልስ፦ አባቴ፣ አልረሳውም፤ ሰልችቶት ነው የገደለው። ዶይል ልቡ ታሪካዊ ልብ ወለድ ላይ ነበር፣ ሆልምስ ጊዜውን በላበት። ገና በ1891 ሊገድለው እንዳሰበ ለእናቱ ቢጽፍላቸው እንዳታደርገው ብለው ተቃወሙ። ሁለት ዓመት ዘገየ እንጂ አልቀረም። በ1893 ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ራይሸንባህ የሚባል ፏፏቴ ላይ፣ ከጠላቱ ከፕሮፌሰር ሞሪያርቲ ጋር ገደል ሰደደው። አንባቢ ተቆጣ። በ1901 ስለ ሆልምስ አዲስ ታሪክ ጀመረ፣ ግን «ይህ ከመሞቱ በፊት የሆነ ነው» ብሎ ዘዴ ፈጠረ። በ1903 ጨርሶ አስነሳው።

እንዴት ሊሆን ቻለ ካሉኝ፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እዚያው ዋትሰን ጋ ይመጣል። ሆልምስ ሲወድቅ ዋትሰን አላየማ! የታመመች እንግሊዛዊት ሐኪም ትፈልጋለች የሚል የሐሰት ደብዳቤ ደርሶት ወደ ሆቴሉ ወርዶ ነበር። ሲመለስ ያገኘው የሆልምስን ምርኩዝ፣ የሲጋራ መያዣውንና የስንብት ደብዳቤውን ነው። መሬቱ ላይ የሁለት ሰው ዱካ ወደ ገደሉ ይሄዳል፣ የሚመለስ ዱካ የለም። ሬሳም የለም። «ሁለቱም ወደቁ» ብሎ የደመደመው ዋትሰን ነው፣ የዋትሰንን ድምዳሜ ደግሞ እርስዎም ያውቁታል። በታሪኩ ውስጥ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ የጎበጠ መጽሐፍ ሻጭ ሽማግሌ ዋትሰን ዘንድ ይመጣል። ዋትሰን ዞር ብሎ መደርደሪያውን አይቶ ሲመለስ ሽማግሌው የለም፣ ሆልምስ ቆሞ ፈገግ ይላል። ምስኪኑ ዋትሰን ራሱን ሳተ።

ጥያቄ፦ ዋትሰን ጦር ሜዳ የቆሰለው ትከሻው ላይ ነው ወይስ እግሩ ላይ? ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል። (ተወራራጁ)

መልስ፦ የመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ትከሻው፣ በ1890 በወጣው ሁለተኛው ላይ እግሩ። ዶይል የጻፈውን ተመልሶ የሚያመሳክር ሰው አልነበረም። ጆን የሚባለውን ዋትሰንን የገዛ ሚስቱ አንድ ቦታ «ጄምስ» ብላ ትጠራዋለች። ብሩን ለሁለት ተካፈሉ።

ጥያቄ፦ ሆልምስን ከየት ልጀምር? ስጨርሰውስ ምን ላንብብ? (ጀማሪው)

መልስ፦ 4 ረጃጅምና 56 አጫጭር ታሪኮች አሉ። ከ1891 ጀምሮ መጽሔት ላይ ከወጡት ከመጀመሪያዎቹ 12 አጫጭሮች ጀምር። እስከ 1927 የወጡትን የመጨረሻዎቹን ለመጨረሻ ተዋቸው፤ ዶይል እዚያ ላይ ድካሙ ይታያል።

ከዚያ ወደ አሜሪካዊው ሬክስ ስታውት እለፍ። የተናደደችው እህታችንም አብራህ ትምጣ። መርማሪው ኔሮ ዉልፍ ይባላል፣ ኒውዮርክ ነው የሚኖረው፣ ግዙፍ ነው፣ ለሥራ ብሎ ከቤቱ አይወጣም። ጠዋት ከ3 እስከ 5፣ ከሰዓት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ሰማይ ቢገለበጥ ከኦርኪድ አበቦቹ ጋር ነው። ወጥቶ ሰው የሚያናግረው፣ የሚሮጠው፣ የሚደበደበው ረዳቱ አርቺ ጉድዊን ነው፤ ተራኪውም እሱ። አርቺ ደግሞ እንደ ዋትሰን አይደለም። ዓይኑ ንስር ነው፣ የሰማውን ረጅም ወሬ ቃል በቃል ይደግማል፣ አለቃው ሲሰንፍበት ነዝንዞ ወደ ሥራ ያስገባዋል። ታዲያ ምስጢሩ እንዴት ይጠበቃል? ዉልፍ ወንበሩ ላይ ተደግፎ ዓይኑን ይጨፍንና ከንፈሩን ያወጣል፣ ያስገባል፣ ያወጣል፣ ያስገባል። አርቺ ያን ጊዜ አለቃው ነገሩን እየፈታው እንደሆነ ያውቃል፤ ምን እንዳገኘ ግን አይነገረውም፣ እሱም በዚህ ይበሽቃል። መጽሐፎቹ ከ1934 እስከ 1975 ወጥተዋል፣ ከፈለግከው ጀምር፤ በ41 ዓመት ውስጥ ሁለቱም አንድ ቀን አላረጁም።