ሰው በተፈጥሮው አውሬ ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ። የዊልያም ጎልዲንግን አንድ ልቦለድ አነበብን። ልጆች ያለ አዋቂ ደሴት ላይ ይቀራሉ። መጀመሪያ ሕግ ያወጣሉ፤ እየቆዩ ግን ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው ይገዳደላሉ። አስተማሪያችን «ሥልጣኔ ሲገፈፍ የሚቀረው አውሬው ሰው ነው» አሉን። ቤተ ክርስቲያን ምን ትላለች?

መልስ፦ ልጄ፣ ጥሩ አድርገሽ ጠየቅሽ። መጽሐፉን አውቀዋለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የታተመ ነው። ጸሐፊው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሕር ኃይል ውስጥ ተዋግቷል። የሠለጠነ የሚባለው ዓለም የሠራውን በዓይኑ አይቶ ነው የጻፈው። እኔን ያመመኝ ግን ሌላ ነው። አዳኝና ገዳይ የሆኑት እነማን ናቸው? መዘምራን! መጀመሪያ ስናያቸው ደረቱ ላይ መስቀል ያለበት ካባ ለብሰው ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቻችን ይህን ቢያነቡ ደስ ይለኛል።

በግማሹ ከአስተማሪሽ ጋር እስማማለሁ። ሥልጣኔ ሰውን አያድንም። ዘፍጥረት 4 ላይ ከተማ የሠራው ወንድሙን የገደለው ቃየን ነው። ሩቅ አትሂጂ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠራው ዐፄ ኢያሱ፣ ልጁ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ በ1699 ዓ.ም. ጣና ደሴት ላይ ተገደለ። ገዳዮቹ ከጫካ የመጡ አልነበሩም፤ የቤተ መንግሥት ሰዎች ነበሩ። ጌታችንም መግደል ከሰው ልብ እንደሚወጣ ነግሮናል (ማር. 7፥21)።

«በተፈጥሮው አውሬ ነው» የሚለውን ግን አንቀበልም። እግዚአብሔር ሰውን በአርአያው ፈጠረው። ክፋት በፈቃዳችን የገባ ነው፤ ስለዚህ በንስሐ ይወጣል። ተፈጥሯችን ቢሆን ኖሮ ንስሐ ግቡ ማለት ምን ትርጉም ነበረው?

የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት ታሪኩን የምንሰማውን በላዔ ሰብን አስቢ። 78 ነፍስ በልቷል፣ ቤተሰቡን ሳይቀር። ከዚህ የባሰ አውሬነት አለ? ያ ሰው ግን በእመቤታችን ስም ለለመነው ድኻ ራርቶ ጥርኝ ውኃ ሰጠ። በእርሷም አማላጅነት ዳነ። ከተማ አላሠለጠነውም፣ አስተማሪም አልነበረውም። ውስጡ የቀረች ርኅራኄ ነበረች። አባቶቻችን ስለ ሰው የሚሉት ይህንን ነው፤ ደራሲው ግን እዚህ ድረስ አልሄደም።

ልቦለድ ማንበብሽን አትተዪ። ፈተና ላይም ደራሲው ያለውን በትክክል ጻፊ፤ ያ ክህደት አይደለም። የራስሽን አስተያየት ከጠየቁሽ ደግሞ በላዔ ሰብን ሳታፍሪ አንሺላቸው።