በጅቡቲ መስመር የሚሠሩ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ጤና፦ ጥያቄና መልስ

በጤና መኮንንነት ባገለገልኩባቸው የአዋሽና የሚሌ አካባቢ ጤና ጣቢያዎች ከታካሚዎቼ ብዙዎቹ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለሱ አሽከርካሪዎችና ረዳቶቻቸው ነበሩ። ሥራቸው በአካልና በአእምሮ ላይ ስለሚያደርሰው ጫና ከእነርሱ፣ ከቤተሰቦቻቸውና አሜሪካ ካለ አንድ አሽከርካሪ የደረሱኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጭነቱን በሰዓቱ ለማድረስ ሌሊት መንዳት ግድ ይሆንብኛል። ጫት ስቅም እንቅልፍ ይለቀኛል፤ ታዲያ ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አንጎልን ያነቃቃል፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ሆኖም የእንቅልፍን ፍላጎት ይሸፍነዋል እንጂ አያስቀረውም። ምርቃናው ሲወርድ ድካሙ ተጠራቅሞ ይመጣል። ብዙዎች ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር ለጨብሲ ይጠጣሉ፤ መጠጥ ያመጣው እንቅልፍ የተቆራረጠ በመሆኑ በማግስቱ መሪ የሚጨብጡት በቅጡ ሳያርፉ ነው፤ ያንን ድካም ለማሸነፍም እንደገና ጫት ይፈለጋል።

ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በብዙ አገሮች ሕግ ማሽከርከርን የሚያስከለክል መጠን ያለው አልኮል ከጠጣ ሰው ጋር ይቀራረባል። እንቅልፍ ያጣ አንጎል ዓይን ተገልጦ እያለ እንኳ ለጥቂት ሰከንዶች ሥራውን ሊያቆም ይችላል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሳቢ በ4 ሰከንድ ውስጥ ወደ 90 ሜትር የሚጠጋ መንገድ ያለ ሹፌር ይሄዳል ማለት ነው። ይህ በብዛት የሚያጋጥመው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን፣ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜም ሰውነት ይዝላል። መስኮት መክፈትም ሆነ ሙዚቃ ማስጮህ ብዙ አይረዳም። ለጊዜው የሚጠቅመው አስተማማኝ ቦታ ላይ ቆሞ አንድ ስኒ ቡና ጠጥቶ ወዲያው ለ20 ደቂቃ ያህል ማሸለብ ነው፤ ቡናው ሰውነት ውስጥ ገብቶ መሥራት የሚጀምረው ሲነቁ ስለሆነ ሁለቱ ይደጋገፋሉ። ይህም ቢሆን የሌሊት እንቅልፍን አይተካም።

በተመላለሰው ልክ የሚከፈለውን ሹፌር ብቻ "ዕረፍ" ብሎ መምከር ፍትሐዊ ሆኖ አይታየኝም። የመድረሻውን ሰዓት የሚቆርጡት ባለንብረቶችና ጭነት ላኪዎች ናቸው፤ የእንቅልፍ ሰዓትን ከጉዞው ጊዜ ጋር አብረው ማስላት ያለባቸውም እነርሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ረዳት ነኝ። ሹፌሩ ሲያንቀላፋ አይቼ ብናገር ይቆጣኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ያንቀላፋ ሰው ማንቀላፋቱን ብዙ ጊዜ ራሱ አያውቀውም፤ ስለዚህ ቁጣው ከክፋት አይደለም። ጉዞ ከመጀመራችሁ በፊት፣ ሁለታችሁም በሰከነ መንፈስ ላይ ሳላችሁ፣ ከመስመሩ ሲወጣ፣ ደጋግሞ ሲያዛጋ ወይም ያለፋችሁትን ከተማ ሲረሳ ያለ ክርክር እንዲቆም አስቀድማችሁ ተስማሙ። መንጃ ፈቃድ ከሌለህ ግን መሪውን ለመቀበል አትሞክር።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሲተኛ በኃይል ያንኮራፋል፤ አንዳንዴም ትንፋሹ ቆሞ እንደገና እየታነቀ ይመለሳል። ጠዋት ራሱን ያመዋል። ለክፉ ይሰጠዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ የገለጹት ነገር በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሰት የትንፋሽ መቋረጥ ምልክት ስለሆነ በሐኪም መታየት ይኖርበታል። እንዲህ ያለ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቢተኛም እንቅልፉ ስለማይጠግብ ቀን ላይ ያንቀላፋል፤ የደም ግፊቱም ከፍ ሊል ይችላል። ውፍረት ያላቸውና የአንገታቸው ዙሪያ ከ43 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ወንዶች ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣሉ። ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛትና ከመጠጥ መራቅ ያግዛሉ። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ አብረውት ቢሄዱ መልካም ነው፤ የተኛው እርሱ ቢሆንም ያዩት እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ ወገቤን አጥብቆ ያመኛል፤ እግሬም ያብጣል።

መልስ፦ ለሰዓታት የሚዘልቀው የመኪናው ንዝረት በወገብ አጥንቶች መካከል ያሉትን ዲስኮች ይጎዳል። ከመሪ እንደወረዱ ወዲያው ጭነት አያንሡ፤ በቅድሚያ ጥቂት ይራመዱ። የኋላ ኪስዎ ውስጥ ወፍራም ቦርሳ ካለ ያውጡት። ሁለቱም እግሮች ማታ ማታ ቢያብጡ ብዙ ጊዜ ከረጅም መቀመጥ የመጣ ነው፤ አንደኛው ባት ብቻ አብጦ ካመመዎት፣ ይልቁንም ትንፋሽ ካጠረዎት፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታከሙ።

ጥያቄ፦ ከአፋር በረሃ ስመለስ ብዙ ጊዜ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ይይዘኛል። ዲክሎፌናክ እየወሰድኩ ብነዳስ?

መልስ፦ እባክዎ አይውሰዱ። በዚያ ቆላ ወባም፣ ደንጊ የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታም አሉ፤ በሽታው ደንጊ ከሆነ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የመድማትን አደጋ ይጨምራሉ። ምርመራው እስኪታወቅ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ ይበቃል፤ መሪውንም ይተዉ። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር ልጨምር፦ መኪና ላለማቆም ብለው ውኃ የማይጠጡ ሹፌሮች አሉ፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ይህ ልማድ ለኩላሊት ጠጠር ይዳርጋል። ሽንት ከጠቆረ ውኃው አንሷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት አደጋ ደርሶብኝ አንድ እግረኛ ሞተ። ጥፋተኛ እንዳልሆንኩ ተረጋግጧል፤ ነገር ግን ያ ሰው በሕልሜ ይመጣል፤ ያንን ቦታ ሳልፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ የእምነት ማነስም የወንድነት ማነስም አይደለም። ከባድ ድንጋጤ ያለፈበት አእምሮ አደጋው ገና ያላለፈ ይመስል ደጋግሞ ያየዋል፤ ሕክምናም አለው። ዋናው ሕክምና ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በተከታታይ መነጋገር ሲሆን፣ እንደ ሁኔታው መድኃኒት ይታከላል፤ በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታልን ጨምሮ በትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አሉ። ጸሎቱንና ጸበሉን መተው አያስፈልግም፤ ለእርሱ ሲባል ግን የታዘዘ መድኃኒት አይቋረጥ። መድኃኒቱ እንቅልፍ የሚያመጣ ከሆነ መንዳት መቼ እንደሚቻል ሐኪሙን ይጠይቁ። ብቸኝነት ይህን ሕመም ያባብሰዋልና ቢያንስ አንድ የሥራ ባልደረባ ሁኔታዎን ይወቅ። ሞትን መመኘት ከጀመሩ ቁልፉን ለሰው ሰጥተው ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ ትራክ እነዳለሁ። የስኳር ሕመም እንዳለብኝ ተነግሮኛል፤ ለመንዳት ጤናዬ ብቁ መሆኑን የሚያረጋግጠውን የሕክምና ካርዴን እንዳይነጥቁኝ ሕመሙን ብደብቀው ይሻላል?

መልስ፦ አይደብቁት። እዚያ ጭነት የሚያጓጉዝ ሹፌር ከ10 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት በኋላ ቢበዛ 11 ሰዓት እንዲነዳ ሕጉ ይገድባል፤ ይህም እኛ ዘንድ ካለው ሁኔታ የተሻለ ጥበቃ ነው። ነገር ግን ቀኑን ተቀምጦ መዋልና የመንገድ ዳር ምግብ ውፍረትንና ስኳርን ማምጣታቸው አልቀረም። ያልታከመ ስኳር ዓይንን ያደክማል፤ የእግርን ስሜት ያጠፋል፤ ካርዱን የሚያሳጣውም ይኸው ነው። ከ2018 ወዲህ ኢንሱሊን የሚወስድ አሽከርካሪ እንኳ ስኳሩ የተስተካከለ መሆኑን የሚከታተለው ሐኪም በቅጽ ካረጋገጠለት፣ መርማሪው ካርዱን ሊሰጠው ይችላል። ኢንሱሊን ከታዘዘልዎት በጋለ ጋቢና ውስጥ አያስቀምጡት፤ ሙቀት ያበላሸዋል።