«10 ሜጋ ከፍዬ 1 ሜጋ ነው የማገኘው»

ሰሞኑን ከደረሱኝ መልእክቶች አብዛኞቹ የኔት እሮሮ ናቸው። ከቦሌና ከፒያሳ የጻፈ ግን የለም ማለት ይቻላል። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ሱሉልታ፣ የካ አባዶ፤ ሁሉም የአዲስ አበባ ዳር ዳር ነው። እኔም ለገጣፎ ስለምኖር ነገሩ ገብቶኛል። ይህን ስጽፍ እንኳ አንድ ዓይኔ ራውተሩ መብራት ላይ ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ቤቴ 10 ሜጋ አስገብቻለሁ። ፋይል ሳወርድ ግን ኮምፒውተሩ የሚያሳየኝ 1.2 ነው። ይሄ ሌብነት አይደለም? (ከኮዬ ፈጬ)

አይደለም ወንድሜ። አቅራቢው የሚሸጥልህ በሜጋቢት ነው። ኮምፒውተርህ ፋይል ሲያወርድ የሚቆጥረው በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 10ን ለ8 አካፍለው፣ 1.25 ይመጣል። 1.2 ካገኘህ የከፈልክበትን አግኝተሃል ማለት ነው። እንዲያውም ብሎክህን ንገረኝና እዚያው ቤት ልከራይ። ማስታወቂያው ላይ ለምን ትልቁ ቁጥር እንደሚጻፍ ለመገመት ግን ነጋዴ መሆን አያስፈልግም።

ለፋይበር 25 ሜጋ እከፍላለሁ። ጠዋት ደህና ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ግን 5 ወይም 6 ይሆናል፤ ቪዲዮ ስከፍት ክቧ ስትዞር ታመሻለች። ስደውል «እኛ ጋ ችግር አይታይም» ይሉኛል። (ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም)

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ የለካኸው የት ሆነህ ነው? መኝታ ቤት አልጋ ላይ ሆነህ በስልክህ ከሆነ፣ የለካኸው ግድግዳውን ነው። ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኘው። የቤቱን ሰው ሁሉ ስልክ ከዋይፋዩ አውጣ። ከዚያ ማታ፣ በፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ ለካ። በኬብል 25 ከመጣ ጣጣው ቤትህ ውስጥ ነው። በኬብልም ማታ ማታ 5 ከሆነ ግን ጥፋቱ ካንተ በር ውጪ ነው፤ አሁን መከራከር ትችላለህ።

ማታ ለምን? ፋይበሩ ያንተ ብቻ አይደለም። ከአቅራቢው ጣቢያ አንድ ክር ይመጣና ሰፈር ውስጥ ስፕሊተር በሚባል ትንሽ ማከፋፈያ ለ32፣ አንዳንዴም ለ64 ቤት ይከፈላል። ብዙ ቦታ የሚዘረጋው ዓይነት ክር ወደ ቤት የሚያመጣው 2.5 ጊጋ (2,500 ሜጋ) ያህል ነው። 64ቱም ቤት እኩል 25 ሜጋ ቢስብ 1.6 ጊጋ ነው፤ ይበቃል። ስለዚህ ጎረቤት ላይ ማፍጠጥ አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ የሚታነቀው ከጣቢያው ወደ ላይ የሚወጣው ዋናው መንገድ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሰው ሞላ፣ ደንበኛው በረከተ፣ መንገዱ ያው የድሮው ነው። ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ መገናኛ ታክሲ ጠብቀህ የምታውቅ ከሆነ ከዚህ በላይ ማብራራት አይጠበቅብኝም።

ውሉ ላይ ያለውን ቃል ደግሞ እየው። ብዙ ጊዜ «25» ሳይሆን «እስከ 25» ነው የሚለው። ይህቺ «እስከ» ብዙ ኃጢአት ትሸፍናለች። እኔ እንደምለው፣ አልፎ አልፎ መውረድ ያለ ነው፤ በየምሽቱ 5 የሚሰጥን መስመር 25 ብሎ መሸጥ ግን ደንበኛን መሸወድ ነው።

ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ጠዋት፣ ቀትርና ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በኬብል እየለካህ የስክሪኑን ፎቶ አስቀምጥ። ቀኑና ሰዓቱ ይታይ። «ማታ ይንቀራፈፋል» ያለ ሰው መልሱ «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» ነው። እኔ ሁለቴ ይህንኑ ተብዬ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው የሳምንቱን ቁጥር በወረቀት ይዤ ስሄድ ቴክኒሻን ተላከልኝ። የኔስ ችግር ሌላ ሆኖ ተገኘ፦ መጀመሪያ ሲዘረጉት ገመዱን በሩ ጥግ ላይ እንደ ሽቦ አጥፈው በሚስማር ይዘውታል። የፋይበር ውስጡ ቀጭን መስታወት ነው፤ ክፉኛ ሲታጠፍ ብርሃኑ ይፈሳል። ሚስማሩ ተነቀለ፣ ገመዱ ሰፋ ብሎ ዞረ፣ በሩብ ሰዓት አለቀ። ሦስት ወር ሙሉ ራውተር ሳጠፋና ሳበራ ነበር!

ቴክኒሻኑ መጥቶ በስልኩ ለካና 24 አሳየኝ። እሱ ከወጣ በኋላ ልጄ ካናዳ ካለ ትምህርት ቤት በኦንላይን ሲማር ይቆራረጣል። ማን ነው የዋሸኝ? (ከገላን)

ማንም አልዋሸዎትም። የፍጥነት መለኪያው ካልነገሩት በስተቀር ቅርቡን ሰርቨር (ፍጥነቱ የሚለካበትን ኮምፒውተር) ነው የሚመርጠው፤ እሱም አዲስ አበባ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የልጅዎ ትምህርት ግን ባሕር ማዶ ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ኔታችን በጂቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል ወጥቶ ነው የባሕር ሥር ኬብል የሚያገኘው። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲቆረጡ ጣጣው ለብዙ አገር ተርፏል። መለኪያው ላይ ሰርቨር መቀየሪያ አለ። አንዴ አዲስ አበባን፣ አንዴ ናይሮቢን፣ አንዴ ለንደንን ይምረጡና ሦስቱንም ፎቶ ያንሱ። የቴክኒሻኑ 24 የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ልጄ፣ ዋይፋዩ ሳሎን ይሠራል፣ ጓዳ አይደርስም። አሜሪካ ካሉት ልጆቼ ጋር ሳወራ ፊታቸው ድርቅ ብሎ ይቀራል። ፎቶውን የልጅ ልጄ ልኮልሃል። (ከየካ አባዶ)

እማማ፣ ፎቶውን አይቼዋለሁ። ራውተሩ ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ኋላ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። በጣም ያምራል። ግን ያውጡት። ከፍ ያለና ገላጣ ቦታ፣ ከተቻለ ቤቱ መሐል ይሁን። ከቴሌቪዥንና ከፍሪጅ ይራቅ። ለልጅ ልጅዎ ደግሞ፦ ዋይፋዩ ሁለት ስም ካለው፣ 5ጂ የሚለው ቅርብ ላለ ሰው ይፈጥናል፣ ግድግዳ ግን አይወድም። ለጓዳው ሌላኛውን ይምረጥ። የስልኩ 5ጂ ሌላ፣ ይሄ ሌላ ነው።

ጎረቤቴና እኔ እኩል ነው የምንከፍለው። እሱ 8 ያገኛል፣ እኔ 2። የሁለታችንም በስልክ መስመር የገባ ነው። (ከሱሉልታ)

የስልክ መስመር መዳብ ነው፤ መዳብ ደግሞ ርቀት አይችልም። ከጣቢያው ወይም ከማከፋፈያ ሳጥኑ በራቁ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ከ4 እና ከ5 ኪሎ ሜትር በኋላማ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጎረቤትዎ ከሌላ ሳጥን ተስቦላቸው፣ ወይም የእርስዎ ገመድ ዞሮ መጥቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ሙከራ ያድርጉ። የቤቱን ስልክ አንስተው ያዳምጡ። ቅጭልጭል የሚል ወይም የሚያፏጭ ድምፅ ካለ፣ በተለይ በክረምት፣ መጋጠሚያው ውኃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ይጠገናል። ጸጥ ካለ ምናልባት ርቀቱ ነው፣ እሱ አይጠገንም። ያኔ ፋይበር ይጠይቁ። ፋይበር ሰፈሩ ካልደረሰ መስመሩ ወደሚችለው ፓኬጅ አውርዱልኝ ይበሉ። 2 የሚያደርስ ገመድ ላይ የ8 ሒሳብ መክፈል ምን የሚሉት ነው?

አቅራቢው አልሰማ ካለኝ ወዴት ልሂድ? (ብዙዎች ጠይቃችኋል)

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ ነው፤ የቴሌኮም ደንበኞችን መብት ማስጠበቅም ሥራው ነው። ግን በቀጥታ እዚያ አትሂዱ። መጀመሪያ ለአቅራቢው አመልክቱና የአቤቱታ ቁጥር ተቀበሉ። ያ ቁጥር ከሌለ ማንም ዘንድ ስትሄዱ «ለእነሱ ነግረሃል ወይ?» ነው ጥያቄው።

እንጀራ ስጋግር ኔት ይጠፋል። ባለቤቴ ይስቅብኛል። (ከለገጣፎ)

እህቴ፣ እኔ አልስቅም፣ የኔም ሰፈር ነው። ምጣዱ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ቅዳሜ ጠዋት መንደሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ፣ ከትራንስፎርመር የራቀ ቤት ቮልቴጁ ክፉኛ ይወርዳል። ራውተሩ ይጠፋና እንደገና ይነሳል፤ እስኪነሳ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ በባትሪ የሚያስቀጥል ዕቃ) ግዢ። መብራት ሲሄድም ይጠቅምሻል፤ ስፕሊተሩ መብራት ስለማይፈልግ፣ ጣቢያው እስከሠራ ድረስ የቤትሽ ፋይበር አይቋረጥም። ባለቤትሽን ደግሞ በሚቀጥለው ጋገራ ወጥ ቤት ጥሪውና ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉን ይየው። ይደበዝዛል።