አባትሽ ከመፈረማቸው በፊት

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ነው መልስ ልጽፍ የተቀመጥኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። የምትኖሪው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፈሽ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ፣ ተፈጥሮ ሳይንስ ተመድበሻል። ፍላጎትሽ ነርሲንግ ነው። ቤተሰብ ግን "ሴት ልጅ ብቻዋን ሩቅ አትሄድም፣ እዚሁ አዲስ አበባ የግል ኮሌጅ ትግባ" ብሏል። ለዚህም አባትሽ ከመሥሪያ ቤታቸው የቁጠባና ብድር ማኅበር 200,000 ብር ሊበደሩ ነው። የቀረውን 100,000 ቤሩት ያሉት አክስትሽ "ስትቀጠር ትመልስልኛለች" ብለው ሊልኩ ነው። አንቺም "የነርስ ደመወዝ ይህን ዕዳ ይከፍላል ወይ?" ብለሽ ጠየቅሽ።

በቶሎ አይከፍልም። ነርሲንጉን ተዪው ማለቴ ግን አይደለም። ኮሌጁን ተዪና ሐዋሳ ሂጂ ነው የምልሽ።

አባትሽ ይህን ሲያነቡ ሊቆጡኝ ይችላሉ፣ ይሁን። ቤተሰባችሁ ውስጥ እንደማየው ሁሉም ዕዳ እኩል ተደርጎ ተቆጥሯል፣ እንዲያውም የመንግሥቱ ዕዳ ይበልጥ አስፈሪ ተደርጓል። "ዩኒቨርሲቲም ብትሄድ ያው ወጪ መጋራት አለባት" ብለዋል አባትሽ። አዎ አለባት። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ የወጪ መጋራት ውል ትፈርሚያለሽ፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ አሠራር ነው። የምግብና የመኝታ ወጪሽን ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ትጋሪያለሽ። የምትከፍይው ግን ሥራ ስትይዢ ነው፣ ከወር ገቢሽ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ። ደመወዝሽ 10,000 ብር ቢሆን 1,000 ብር ማለት ነው። ሥራ እስክታገኚ ድረስ የሚቆረጥ ነገር የለም። የኔም ከነርስነት ደመወዜ ላይ በየወሩ እየተቆረጠ ነው ያለቀው። አልወደድኩትም፣ ግን ቤቴ ድረስ መጥቶ ያንኳኳ ሰው አልነበረም።

አሁን የማኅበሩን ብድር እይው። አባትሽ ገንዘቡን እንደወሰዱ፣ አንቺ ገና የአናቶሚ መጽሐፍ ሳትገልጪ፣ ከደመወዛቸው መቆረጥ ይጀምራል። በ5 ዓመት የሚመለስ ነው ብንል ዋናው ብቻ በወር 3,300 ብር ይጠጋል፣ ወለዱ ሳይጨመር። ይሄ ብር ከየት ነው የሚመጣው? ከጤፉ፣ ከዘይቱ፣ ከታናናሾችሽ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ትራንስፖርቱንማ ጭራሽ ማንም አላሰበውም። ከቱሉ ዲምቱ መሀል ከተማ ደርሶ ለመመለስ በቀን 100 ብር ብንይዝ፣ በወር 22 ቀን፣ በዓመት 10 ወር፣ በ4 ዓመት 88,000 ብር ነው። የጋውን፣ የፎቶ ኮፒ፣ የምሳ አልገባበትም።

የአክስትሽ ብር ደግሞ ወረቀት የለውም፣ ወለድ የለውም፣ ቀን የለውም። ጥሩ ይመስላል አይደል? ሰው ቤት እየሠሩ ያጠራቀሙት ገንዘብ እኮ ነው። አንድ ቀን "አገሬ ልግባ፣ ብሬን እፈልጋለሁ" ቢሉና አንቺ ገና ሥራ ፍለጋ ላይ ብትሆኚ ምን ትያቸዋለሽ? እሳቸውም ዝም ይላሉ፣ አንቺም በዓል ሲመጣ መደወል ትፈሪያለሽ።

በተመረቅሽ ማግስት ደመወዝ የለም። መጀመሪያ መውጫ ፈተና አለ፣ ከ2015 ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተማሪ የሚፈተነው ነው፣ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ከዚያ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና። ከዚያ ፈቃዱን ማውጣት። ከዚያ ማስታወቂያ ሰሌዳ። "0 ዓመት" የሚል፣ ማለትም የሥራ ልምድ የማይጠይቅ ማስታወቂያ ሲገኝ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ እዚያው ሠፈርሽ ያለውን ተመራቂ ሁሉ ጠይቂ። የመንግሥት ዕዳ በዚህ ሁሉ ጊዜ ይጠብቅሻል፣ ማኅበሩ ግን አይጠብቅም።

አባትሽ "የጤና ሙያ የተማረ አይቸገርም" ማለታቸውን ጽፈሻል። ግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከማቆም የደረሱት ተመችቷቸው አልነበረም። ጤና ጣቢያ ብትቀጠሪ ደመወዝሽ የመንግሥት ስኬል ነው። ሐዋሳ የተማረችውም በ300,000 ብር ዕዳ የተማረችውም እኩል ይከፈላቸዋል፣ "ይቺ አባቷ ተበድረው ነው ያስተማሯት" ብሎ የሚጨምርላት የለም።

ርቀቱን በተመለከተ፣ ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋት ተነስተሽ ለምሳ ትደርሻለሽ። ያለፍሽው የ12ኛ ክፍል ፈተና እኮ በ2014ም በ2015ም ከ100 ተፈታኝ 3 ሰው ገደማ ብቻ ያሳለፈ ፈተና ነው። በዚህ ፈተና ያገኘሽውን ቦታ "ሴት ናት" ተብሎ መጣል ለኔ አይዋጥልኝም። ዩኒቨርሲቲው የራሱ ትልቅ ሆስፒታል አለው፣ ነርስ ደግሞ የምትሠራው በሽተኛ ባለበት ነው። አባትሽ ከፈለጉ አብረውሽ ሄደው ዶርሙን አይተው ይመለሱ።

ካነሳሽው ሁሉ ያሳሰበኝ "የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሼ ነርሲንግ ባይደርሰኝስ?" ያልሽው ነው። ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ያለው የትምህርት ክፍል ምደባ በውጤትና በምርጫ ስለሆነ የመጀመሪያውን ዓመት እንደ ቀልድ አትዪው። ሚድዋይፈሪ፣ ላቦራቶሪ ወይም ሕብረተሰብ ጤና ቢደርስሽም ግን ያለ ማኅበር ብድር የተገኘ ሙያ ነው፣ እኔ ብሆን ይህን ዕድል እሞክረዋለሁ።

ቤተሰብ እምቢ ካለና ኮሌጁ የግድ ከሆነ፣ አባትሽ ከመፈረማቸው በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ አጣሩ። ዕውቅናው ለዚያ የትምህርት ዓይነት፣ ለዚያ ካምፓስ መሆን አለበት፣ የኮሌጁ ስም መታወቁ አይበቃም። ብድሩም በአንዴ 200,000 አይሁን፣ የአንድ ዓመቱን ብቻ ይውሰዱ።

ውጭ አገር የመሄዱን ሐሳብ ለጊዜው አቆይው፣ ዋናውን ዲግሪ ለማውጣትም ቢሆን ወጪ መጋራቱን መጨረስ ይጠበቅብሻል።

"ደም ሳይ እደነግጣለሁ" ላልሽው፣ ዋርድ (የሕሙማን መኝታ ክፍል) ውስጥ ጥቂት ወር ከቆምሽ በኋላ የሚያስቸግርሽ የሌሊት ፈረቃው እንጂ ደሙ አይሆንም።