መልስ፦ ካል ሪፕከን በሾርትስቶፕነት እንዴት ሊዘልቅ ቻለ?

ጠያቂያችን ስለ አሜሪካዊው የቤዝቦል ተጫዋች ካል ሪፕከን፣ «ያን ያህል ግዙፍ ሰው በሾርትስቶፕ ቦታ እንዴት ሊዘልቅ ቻለ?» ብለዋል። ጥያቄዎ ተገቢ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ (ሯጭ በየተራ የሚረግጣቸው የሜዳው ማዕዘናት) መካከል ያለው ይህ የተከላካይ ስፍራ በአመዛኙ ለአጫጭርና ቀልጣፋ ተጫዋቾች የተተወ ነበር፤ ሪፕከን ግን ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ነው። የባልቲሞር ኦሪዮልስ አሠልጣኝ ኧርል ዊቨር በ1982 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጆች ነው) ከሦስተኛው ቤዝ አንሥተው እዚያ አቆሙት።

ምስጢሩ አስተውሎቱ ነው። ወርዋሪው ምን ዓይነት ኳስ ሊጥል እንደተዘጋጀ፣ መቺው ወዴት መምታት እንደሚቀናው አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ኳሷ ሳትመታ ጥቂት እርምጃ ወደዚያው ይጠጋል። ክንዱ ብርቱ በመሆኑም ወደ ኋላ ርቆ ይቆማል፤ ከዚያ ሲወረውርም ኳሷ ወደ ቤዝ የሚሮጠውን መቺ ትቀድማለች። በ1990 በ161 ጨዋታዎች የተመዘገበበት የመከላከል ስህተት 3 ብቻ ነው! እኔ ከመቺነቱ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ሰው ዘወትር የሚያነሣው ግን ሳያቋርጥ የተሰለፈባቸውን 2,632 ጨዋታዎች ነው። ሴፕቴምበር 6 ቀን 1995 የቀድሞውን ባለ ክብረ ወሰን የሉ ጌሪግን 2,130 ሲያልፍ ጨዋታው ከሃያ ደቂቃ በላይ ቆመ። የቡድን ጓደኞቹ ገፍተው ወደ ሜዳ አስወጡት፤ እሱም የሜዳውን ዙሪያ እየዞረ የተመልካቹን እጅ ጨበጠ። ያን ምስል ፈልገው ይመልከቱት፤ ደስታው ይጋባል።

በ1997 ወደ ሦስተኛው ቤዝ ተመለሰ፤ በ1998 ራሱ ጠይቆ ዐረፈና ተከታታይነቱ ተቋረጠ። በ2001 ጫማውን ሲሰቅል 431 ሆም ራን (መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ የሚመለስበት ምት) አስመዝግቦ ነበር። ሁሉንም የተጫወተው ለኦሪዮልስ ብቻ ነው።