መጀመሪያ ብርሃኑን ሰብስቡ

ቴሌስኮፕ ገዝታችሁ የኦርዮንን ኔቡላ (ኔቡላ ማለት በከዋክብት መካከል ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው) ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዩ ከጠበቃችሁት ቀይና ሐምራዊ ቀለም ይልቅ ግራጫ ጭስ የመሰለ ነገር ብቻ ታይቷችሁ ቅር ካላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። መሣሪያው ጉድለት የለበትም፤ ዐይናችሁም ጤነኛ ነው። በጨለማ ጊዜ የሚያገለግሉን የዐይን ሕዋሳት ቀለም አይለዩም፤ ጥልቅ ቀዩን ብርሃን ደግሞ ከነጭራሹ አያዩትም ማለት ይቻላል። የብዙዎቹ ኔቡላዎች ዋነኛ ብርሃን ግን ይኸው ቀዩ ነው።

ቀለሙ ፈጠራ አይደለም። በጋዙ መካከል ያሉ እጅግ ትኩስ ከዋክብት የሚለቁት አልትራቫዮሌት ጨረር የሃይድሮጂኑን ኤሌክትሮን ነጥቆ ያባርረዋል። ኤሌክትሮኑ ተመልሶ ማረፊያ ሲያገኝና ደረጃ በደረጃ ሲወርድ በ656.3 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን ደግሞ በ500.7 ናኖሜትር ላይ በአረንጓዴና በሰማያዊ መካከል ያለ ቀለም ያበራል። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዊልያም ሃጊንስ እ.ኤ.አ. በ1864 ይህን አረንጓዴ መስመር «የድመት ዐይን» በሚባለው ኔቡላ ውስጥ ሲያይ፣ የተመለከተው የከዋክብት ክምችት ሳይሆን ጋዝ መሆኑን ተረዳ። መስመሩ ግን በምድር ላይ ከሚታወቅ ንጥረ ነገር ጋር አልገጥም ስላለ «ኔቡሊየም» የሚባል ስም ወጣለት። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ አይራ ቦወን እ.ኤ.አ. በ1927 ነገሩ የምንተነፍሰው ኦክስጅን መሆኑን እስኪያስረዳ ድረስ ከስድሳ ዓመት በላይ አለፈ። ጋዙ እዚያ እጅግ ስስ ስለሆነ በቤተ ሙከራ የማናየውን ብርሃን ለመስጠት ጊዜ ያገኛል።

ዐይን የደረሰውን ብርሃን ወዲያው ይረሳዋል፤ ካሜራ ግን ያጠራቅማል። ሄንሪ ድሬፐር እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 1880 የኦርዮንን ኔቡላ ለመጀመሪያ ጊዜ በፎቶግራፍ ሲይዝ 51 ደቂቃ ብርሃን ሲያስገባ ቆየ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ አንድሩ ኮመን በዚሁ ኔቡላ ውስጥ ለዐይን በቴሌስኮፕ እንኳ የማይታዩ ከዋክብትን በፎቶግራፍ አወጣ። ድሬፐር ሐኪም፣ ኮመን የፍሳሽና የንጽሕና መሐንዲስ ነበሩ፤ የሁለቱም እንጀራ ሌላ ነበር።

እኛ ዛሬ አንድ ሰዓት ሙሉ የካሜራውን መስኮት ከፍተን አንጠብቅም። ሦስት ሦስት ደቂቃ የሚፈጁ ብዙ ፎቶዎች አንሥተን በኮምፒውተር እንደርባቸዋለን። አንዱን ነፋስ ቢያወዛውዘው ወይም ሳተላይት ቢያቋርጠው የሚጣለው እሱ ብቻ ነው። ሲደራረቡም የፎቶው ሸካራ ነጠብጣብ ይለሰልሳል፤ ነገር ግን ሒሳቡ ጨካኝ ነው። ብርሃን የምትሰበስቡበትን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ርዝመት ወደ አራት ሰዓት ስታሳድጉት ጥራቱ በእጥፍ ይሻሻላል፤ እንደገና በእጥፍ እንዲሻሻል ከፈለጋችሁ 16 ሰዓት መሰብሰብ አለባችሁ። በአንድ ሌሊት አምስት ኔቡላ ከሚያነሣው ይልቅ ለአንዱ ኔቡላ አምስት ሌሊት የሚሰጠውን የማከብረው ስለዚህ ነው። ወጣቶች ይህን ምክር አይወዱትም፤ አውቃለሁ። ሁሉም ስብስቡ ቶሎ እንዲበዛለት ይፈልጋል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ብዙ ሰው ኔቡላ በጣም ትንሽ ስለሆነ ኃይለኛ አጉሊ የሚያስፈልግ ይመስለዋል፤ እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። «ሰሜን አሜሪካ» የሚባለው ኔቡላ በሰማይ ላይ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ብዙ እጥፍ ይሆናል። ችግሩ መፍዘዙ እንጂ ማነሱ አይደለም። የትኩረት ርዝመቱ 400 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ ትንሽ ባለ ሌንስ ቴሌስኮፕ ለዓመታት ይበቃችኋል። ከገንዘባችሁ አብዛኛውን ሰማዩን እየተከተለ በሚዞረው ባለ ሞተር መቆሚያ ላይ አውጡት። ምድር ስትዞር ከዋክብት በእያንዳንዱ ሴኮንድ እስከ 15 ቅስታዊ ሴኮንድ (አንዱ የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው) ይንሸራተታሉ፤ በዚህ ቴሌስኮፕና ዛሬ በተለመዱት ካሜራዎች ይህ በሴኮንድ ወደ ስምንት ፒክስል ይጠጋል። መቆሚያው ከተንገዳገደ ምርጡ ሌንስ ምን ይሠራል? ሻጩ ስለ ቱቦው ውበት ሲያወራላችሁ ጆሮ ዳባ ልበስ በሉት።

የትኩረት ነገር ከሁሉም ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ባህቲኖቭ ጭንብል የሚባል ርካሽ ነገር አለ፤ ሦስት አቅጣጫ የያዙ ቀጫጭን ክፍተቶች ያሉት ክዳን ነው። በቴሌስኮፑ አፍ ላይ አድርጋችሁት ወደ አንድ ደማቅ ኮከብ ስታዞሩ፣ ከኮከቡ ሁለት የተሻገሩ ጨረሮችና በመካከላቸው አንድ ሦስተኛ ጨረር ይወጣሉ። የትኩረቱን ቁልፍ በጣት ጫፍ ስትነኩት መካከለኛው ጨረር ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ መልሳችሁ ስትነኩት ወደ ሌላው ያልፋል። ልክ መስቀለኛው መሐል ላይ ሲቆም እጃችሁን አንሡ፤ ጭንብሉን ማውለቅም አትርሱ። ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ቱቦው ስለሚኮማተር ትኩረቱ ይለወጣል፤ ስለዚህ እንቅልፍ ቢመጣም በየሰዓቱ ገደማ ተነሥታችሁ ተመልከቱት። ኔቡላው በፎቶው ላይ ደህና መስሎ ከዋክብቱ ያበጡበት ፎቶ ስንፍናን ያጋልጣል።

ካሜራው ላይ ያረፈ አቧራም አለ። በፎቶው ላይ ጠቆር ያለ ቀለበት ሆኖ ይወጣል፤ ጀማሪም አንዳንድ ጊዜ የኔቡላው አካል ያደርገዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ምንም ሳትነቃቅሉ የቴሌስኮፑን አፍ በነጭ ጨርቅ ሸፍናችሁ ንጋት ላይ ወደ ወጥ ሰማይ እያዞራችሁ ጥቂት ፎቶ አንሡ፤ ኮምፒውተሩ በእነዚህ አካፍሎ ቀለበቱን ያጠፋዋል። ክዳኑ ተዘግቶ በተመሳሳይ ሙቀትና በተመሳሳይ የማንሻ ጊዜ የሚነሡት ጨለማ ፎቶዎች ደግሞ የካሜራውን የራሱን ሙቀት ወለድ ነጠብጣብ ይቀንሳሉ።

ስለ ማጣሪያ ብዙ አልልም። በተራ ካሜራ ውስጥ ብርሃን ከሚቀበለው መለኪያ ፊት ያለው መስታወት የሃይድሮጂኑን ቀይ ብርሃን በአብዛኛው ስለሚያስቀር ለሥነ ፈለክ የተሻሻለ ካሜራ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ጠባብ መስመር ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ደግሞ ከመንገድ መብራትና ከጨረቃ ብርሃን ጋር እንድትታገሉ ይረዳችኋል። ግን ጨለማ ሰማይን የሚተካ ነገር የለም።

አሁን የምጨቃጨቅበት ጉዳይ ላይ ደረስኩ፤ ቀለም አሰጣጥ። እ.ኤ.አ. በ1995 ሃብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ባነሣው ዝነኛ የንስር ኔቡላ ፎቶ ላይ የድኝ ብርሃን በቀይ፣ የሃይድሮጂን በአረንጓዴ፣ የኦክስጅን በሰማያዊ ተቀምጧል። ይህ ካርታ ነው፤ የትኛው ጋዝ የት እንዳለ ያሳያል እንጂ ዐይን ያየውን አያሳይም። እናንተም እንደዚያ ብታቀናብሩት ኃጢአት የለበትም፤ ከፎቶው ሥር ምን ለምን እንደተመደበ ጻፉ እንጂ። የማልታገሠው ግን ሃያ ደቂቃ ብቻ ተሰብስቦ ነጠብጣቡ በሶፍትዌር ተጠርጎ፣ በቦታው የሌለ የጋዝ ክር እየተሳለ የሚቀርበውን ነው። የአንዳንዶቹ አዳዲስ ፕሮግራሞች ፈተና ይኸው ነው፤ ያልተሰበሰበውን እንደተሰበሰበ አድርገው ይሞላሉ። ጥርጣሬ ሲገባችሁ ያለማቀነባበሪያ የተደረበውን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ፣ ያ ክር እዚያም እንዳለ ፈልጉ። ከሌለ አጥፉት።

ፈረንሳዊው አማተር ኒኮላ አተርስ እ.ኤ.አ. በ2011 ቀድሞ ማንም ያላስተዋለውን፣ እጅግ ፈዛዛ የሆነ የኦክስጅን ኔቡላ ያገኘው በእንዲህ ዓይነት ረጅም ማጠራቀም ነው። ቅርጹ ስኩዊድ የተባለውን የባሕር እንስሳ ስለሚመስል በዚያው ስም ይጠራል።

ለመጀመር ኦርዮንን እመክራችኋለሁ። ማዕከሉ በጣም ስለሚያበራ ጥቂት ሰኮንድ ብቻ የሚፈጁ ፎቶዎችም ጨምሩበት፤ አለበለዚያ በማዕከሉ ያሉት አራት ትናንሽ መስለው የሚታዩ ከዋክብት በነጭ ብርሃን ውስጥ ይሰጥማሉ። እያንዳንዱን ጥሬ ፋይል፣ የተደረበውንም ሆነ ያልተደረበውን፣ ቀንና የትኩረት ርዝመት ጽፋችሁበት አስቀምጡ። ኔቡላው ከዓመት ወደ ዓመት ለዐይን የሚታይ ለውጥ ስለማያሳይ የዘንድሮውን ሌሊት ከሚመጣው ዓመት ጋር መደረብ ትችላላችሁ።