ጎማው የት እንደሚነካ ሳታውቅ ፓራፋንጎ አታስቆርጥ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። በ2003 ሞዴል ኮሮላህ ላይ የነበረውን 15 ኢንች ቸርኬ አውጥተህ 17 ኢንች የአልሙኒየም ቸርኬ ከ215/45 ጎማ (ወርዱ 215 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 45 በመቶ) ጋር አስገብተሃል፤ መኪናዋ ዝቅ እንድትል ደግሞ ሞላዎቹን አንድ ዙር ተኩል አስቆርጠሃል። አሁን የኋላ ወንበር ላይ ሰው ሲቀመጥ የኋላው ጎማ ይፋተጋል፤ መሪውን እስከ መጨረሻው ስታዞር ደግሞ የፊቱ ይነካል። አንዱ «ፓራፋንጎውን አስቆርጠው» (ከጎማው በላይ ያለውን የላሜራ ሽፋን ማለቱ ነው) ሲልህ ሌላው «ስፔሰር አስገባበት» ብሎሃል፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው። እኔ ባሕር ዳር በጋራዥ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ መኪና ብዙ ጊዜ እጄ ላይ ወድቋል። ከሁለቱ ምክሮች አንዱንም አትከተል።

የስፔሰሩን ነገር በቶሎ ልጨርሰው። ስፔሰር ጎማን ወደ ውጭ የሚገፋ ቁራጭ ብረት ነው፤ ያንተ የኋላ ጎማ ደግሞ የሚነካው በውጭ በኩል ነው። በጻፍክልን ቁጥር የድሮው ቸርኬ ስፋቱ 6 ኢንች፣ ኢቲው 45 ነበር፤ አዲሱ ስፋቱ 7፣ ኢቲው 35 ነው። ኢቲ ማለት ቸርኬው ሞዞው (በዳዶ የሚታሰርበት የአክሰሉ ጫፍ) ላይ የሚገጥምበት ፊት ከቸርኬው ወርድ እኩሌታ በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ የሚናገር ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። የአንድ ኢንቹ ጭማሪ ለሁለቱም ጎን ሲካፈል 12.7 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ የኢቲው ልዩነት 10 ሲታከልበት የቸርኬው ጠርዝ 23 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፓራፋንጎው ቀርቧል ማለት ነው። ወደ ውስጥ የገባው ግን 3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ስፔሰር የሚጨምርልህ ችግር ብቻ ነው።

ዋናው ችግር ሞላው ነው። የተቆረጠ ሞላ ጉዳቱ መኪናዋ ቆማ ስትታይ አይታወቅም። ከተማ መግቢያ ላይ ያለ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ስትሻገር ጎማው ለአፍታ ይንጠለጠላል፤ ሾክ አብዞርበሩ እስከ መጨረሻው ይዘረጋል፤ ያጠረው ሞላ ግን መቀመጫውን መሙላት ስለማይችል ይላላል። መኪናዋ ስትወርድበት «ቋ» ብሎ ይመለሳል። ይህን ድምፅ ሰምተህ ከሆነ ሞላው ከቦታው እየተነሣ ነው፤ አንድ ቀን ጠምዘዝ ብሎ ቢቀመጥ ደግሞ መኪናዋ በአንድ ጎን ትወድቅብሃለች። የቆረጡት በጋዝ እሳት ከሆነ ይብሳል። የሞላ ብረት በሙቀትና በማቀዝቀዝ ተገርቶ ነው የሚሠራው፤ እሳት የነካው ክፍል ጥንካሬውን ያጣል፤ ከዚያው ሊሰበርም ይችላል። በዚህ ላይ ሾክ አብዞርበሩ ለመጨመቅ የቀረው መንገድ ስላጠረ በትንሽ ጉድጓድ ሁሉ ከመቆሚያ ጎሚኒው ጋር ይጋጫል። ይህችን ጎሚኒ «ትንሽ መተንፈሻ እንዲያገኝ» እያሉ የሚቆርጧት አሉ። ጎማህ ፓራፋንጎው ውስጥ ገብቶ እንዳይቀር የምታቆመው የመጨረሻዋ ነገር እርሷ ናት፤ ማንም እንዲነካት አትፍቀድ።

ስለዚህ የተቆረጡትን ሞላዎች አውጣና ለዚሁ መኪና ተብሎ የተሠራ አጭር ሞላ ግዛ። ለእኛ መንገድ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው የሚነዳው በባሕር ዳር ጥሩ አስፋልት ላይ ብቻ ከሆነ እርሱ ያውቃል፤ ማርቆስ ኮብልስቶን ላይ የሚውል፣ ክረምት ላይ ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ የሚሻገር ሰው ግን የሞተሩን የዘይት ኮፓ ያስበዋል። ጭቃውንም መቁጠር ነው። ዋልካ አፈር ፓራፋንጎው ውስጥ ተለጥፎ ሲደርቅ በጋ ላይ የለካኸውን ክፍተት ይበላዋል።

አሁን ወደ ልኬቱ። መኪናዋ ቆማ ሳለች ጣት አስገብቶ «ሁለት ጣት ይገባል» ማለት ምንም አይነግርህም። የሚያስፈልግህ ሞላው ተጨምቆ በሚያልቅበት ጊዜ የሚቀረው ክፍተት ነው። ጎጃም ሰም አይቸግርም፤ ንጹሕ ሰም በእጅህ አሙቀህ ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጥፍጥፍ መልክ የኋላው ፓራፋንጎ ከንፈር ውስጠኛ ጎን ላይ፣ ልክ ከጎማው አናት በላይ ለጥፈው። ወደ ኋላም ወደ ፊትም አንድ አንድ ጨምር። አራት ሰው አስቀምጥና የምታውቀውን ጉብታ ቀስ ብለህ፣ ቀጥሎም በተለመደው ፍጥነትህ ተሻገር። ወርደህ ስታይ ሰሙ ላይ የጎማው ጥርስ ታትሞ ታገኘዋለህ፤ የቀረውን ውፍረት በማስመሪያ ለካ። እኔ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ከቀረ መኪናውን ለባለቤቱ አላስረክብም።

የፊቱ ግን በሰም አይጨረስም፤ መሪ አለበት። ሞላ መጭመቂያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ሂድና ሞላውን አስወጥተህ ሾክ አብዞርበሩን ከነመቆሚያ ጎሚኒው ብቻውን አስገጥመው። መኪናዋ በጠንካራ ማቆሚያ ብረት ላይ ተቀምጣ፣ ጎማው ታስሮ፣ የታችኛው ክንድ ሥር ክሪክ ተደርጎ ጎሚኒው እስኪጨመቅ ድረስ ይነሣ። ከዚያ አንድ ሰው መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ ያዙር፤ አንተ ባትሪ ይዘህ ተንበርከክና ተመልከት። ጎማው የፕላስቲክ መሸፈኛውን ከነካ በሙቅ አየር አለስልሶ ወደ ኋላ መግፋት ይቻላል። የፍሬን ቱቦውን ወይም የሾክ አብዞርበሩን ገላ ከነካ ግን የሚቀየረው ጎማው ወይም ቸርኬው ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ይህን ሁሉ አጥብቄ የምነግርህ በዓባይ በረሃ ስለምታልፍ ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርደህ እንደገና ትወጣለህ። ከባድ መኪኖች አስፋልቱን ብዙ ቦታ አቡክተውት ጉድባና ጉብታ ሠርተዋል። ቁልቁል ላይ ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፤ በዚያው ቅጽበት መጠምዘዣ ትዞራለህ፤ በውጭ በኩል ያለው የፊት ጎማ ከሁሉ ይበልጥ ይጨመቃል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አልፎ አልፎ የሚሰማ ፍትጊያ እዚያ በየመጠምዘዣው ይሆናል። ጎማውም ፍሬኑም በሙቀት ላይ ናቸው። አሁን ያሉትን ጎማዎች አስፈትተህ ትከሻቸውንና ጎናቸውን በጣትህ ዳስስ፤ ክር የታየበት ወይም ጎድጎድ ያለ መስመር ያወጣ ካለ በእርሱ በረሃውን አትውረድ።

ጎማ የምትቀይር ከሆነ 205/45 አር 17 ውሰድ። የድሮው 195/60 አር 15 ከነበረ ሙሉ ቁመቱ 615 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ205/45 ደግሞ 616 ነው። አሁን ያለህ 215/45 ግን 625 ይደርሳል፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ረዝሟል፣ ወርዱም ሰፍቷል። 205/45 ስትገዛ ጎኑ ላይ ያለውን የጭነት ቁጥር አንብብ፤ 84 ማለት አንዱ ጎማ 500 ኪሎ ይሸከማል፣ 88 ማለት 560 ኪሎ። በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ ከተለጠፈው በታች አትውረድ። ቸርኬውን ገና ያልገዛችሁ ሌሎች ወንድሞችና እህቶች ካላችሁ ደግሞ 16 ኢንች ከ205/50 ጋር አስቡ፤ ቁመቱ 611 ነው፣ የጎማው ጎን ወፈር ስለሚል ጉድጓድ ቸርኬ አያጎብጥባችሁም።

ሞላውና ጎማው ተስተካክሎ ከኋላ ጥቂት ሚሊ ሜትር ካነሰህ ያን ጊዜ ወደ ፓራፋንጎው ና፤ የሚታጠፍ እንጂ የሚቆረጥ አይደለም። የኋላው ከንፈር የውጭውና የውስጠኛው ላሜራ ተበይደው የሚገናኙበት ቦታ ነው። ከቆረጥከው ስፌቱ ይከፈታል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ ይገባበታል፤ ዝገቱ ከውስጥ በልቶ ቀለሙን ሲያነሣው ነው የምታየው። ጥሩ ላሜራ ሠሪ ቀለሙን በሙቅ አየር ሞቅ እያደረገ ከንፈሩን በትንሽ በትንሹ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ያጥፈዋል፤ ሲጨርስ ስንጥቅ ባይታይህም ፀረ ዝገት ቀባበት። የኮሮላህ የኋላ አክሰል አንድ ወጥ ስለሆነ መኪናዋ ዝቅ ስትል ጎማው አናቱን ወደ ውስጥ አያዘነብልልህም፤ ለዚህ ነው ከኋላ ክፍተቱ የሚጠበው።

የቸርኬው መሐል ቀዳዳ ከሞዞው ሰፍቶ ከሆነ መሐሉን የሚሞላ ቀለበት አስገባ፤ የኮሮላህ ሞዞ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። ዳዶዎቹን ከ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ እንደገና አጥብቅ። ሞላ ከተቀየረ በኋላ የፊቱን ጎማ አሰላለፍ ሳታሠራ አትጓዝ፣ ካልሆነ አዲሱ ጎማ በውስጥ ጠርዙ ያልቅብሃል። የፊት መብራቱንም አስተካክል።

ሰሙን ለጥፈህ የቀረውን ውፍረት፣ የግራውንም የቀኙንም ለየብቻ፣ እዚሁ ጻፍልኝ። ከጉዞህ በፊት ጊዜ አለን፤ ቁጥሩን ካየሁ በኋላ መታጠፍ ያስፈልገው እንደሆነ እነግርሃለሁ።